መውጫ የሌለው ሐይቅ ዳር

አዳማና ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ ያላቸው ከፍታ ተቀራራቢ ነው። ሁለቱም በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ፣ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ በትምህርት ቤት ካርታም ሁለቱም «ወይና ደጋ» ተብለው በአንድ ቀለም ይቀባሉ። ተወልጄ ያደግሁት አዳማ ስለሆነ የዚያን ከተማ አየር ከመጽሐፍ አይደለም የማውቀው። በበጋ ከሰዓት በኋላ አቧራ አንሥቶ በር የሚያንኳኳውን ነፋስ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ይኸው ነፋስ ዛሬ ከከተማው ዳር ባሉ ኮረብቶች ላይ የተተከሉትን የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ያዞራል። በ1989 ዓ.ም. መስከረም ላይ የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ ሐዋሳ ስመደብ ግን በተመሳሳይ ከፍታ ላይ ሌላ አየር ጠበቀኝ። ጠዋቱ ጸጥ ያለ ነው፤ ሣሩ እርጥብ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስም የውኃ ሽታ እንጂ አቧራ አልያዘም። ለተማሪዎቼ «ወይና ደጋ» ብዬ አስተምሬ ማለፍ እንደማልችል የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

የተከራየሁት ክፍል ከሐይቁ ዳር ብዙ የማይርቅ፣ የአንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ ነበር። እማማ የምላቸው እኚህ ሴት ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር፤ ነገር ግን አንድ የማይስቱት ልማድ ነበራቸው። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባና ክረምቱ ሲወጣ ከቤታቸው ደጃፍ ተነሥተው እስከ ውኃው ጠርዝ በእርምጃ ይቆጥራሉ። ለምን እንደሚያደርጉት ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ጎረቤትሽ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ማወቅ ደግ ነው» አሉኝ። መጀመሪያ ሲመጡ ውኃ ለመቅዳት ረጅም መንገድ ይሄዱ እንደነበርና ከዚያ ወዲህ ርቀቱ በየዓመቱ እያጠረ እንደሄደ ነገሩኝ። እኔ የአሮጊት ወግ መስሎኝ ነበር። በኋላ እንዳነበብኩት ግን የሐዋሳ ሐይቅ ከፍታ ከ1960ዎቹ አንሥቶ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በእርግጥም ከፍ እያለ ነበር፤ የእማማ እርምጃ ትክክል ነበር ማለት ነው።

ስለ አየሩ ልናገር። ሐዋሳ በዓመት በአማካይ 950 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ በሸለቆው ውስጥ ወደ ሰሜን ከምትገኘው ከባቱ የበለጠ ነው፣ በምሥራቅ ካለው ከወንዶ ገነት ተዳፋት ያነሰ ነው። ዝናቡ እንደ ሰሜኑ ሀገር በሐምሌና በነሐሴ ብቻ የሚወርድ አይደለም፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ፣ አንዳንድ ዓመትም እስከ ጥቅምት ድረስ ይዘረጋል። ስለዚህም ከሰሜን የመጣ ሰው «ክረምቱ መቼ ነው የሚጀምረው?» ብሎ ሲጠይቅ የሐዋሳ ሰው መልስ ለመስጠት ይቸገራል። ደረቁ ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። የዓመቱ አማካይ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን ቀኑ የሚበረታው በየካቲትና በመጋቢት፣ ሌሊቱ የሚቀዘቅዘው ደግሞ ሰማዩ በሚጠራባቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ዳመና እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ ሲገለጥ መሬት በቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት በሌሊት ትለቃለች። ለዚህ ነው የሐዋሳ ሰው በበጋ ጋቢ ፈልጎ በክረምት ሸሚዝ የሚለብሰው።

ሐይቁ በዚህ ውስጥ ያለው ድርሻ በቀን ውስጥ ሰዓት ቆጥሮ የሚታይ ነው። ውኃ ከመሬት ይልቅ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎም ይቀዘቅዛል። ከተማዋ ከሐይቁ በስተምሥራቅ በኩል ስለተዘረጋች፣ ፀሐይ ከፍ ስትልና አስፋልቱና ጣሪያው ሲግል ከምዕራብ፣ ከውኃው ላይ፣ ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ወደ ቤቶቹ ይገባል፤ ማታ ደግሞ መሬቱ ቀድሞ ሲቀዘቅዝ አየሩ አቅጣጫውን ይለውጣል። ዓሣ አጥማጆች ይህን ከማንም መምህር ቀድመው ያውቁታል። መረባቸውን ጎህ ሳይቀድ አውጥተው በአሞራ ገደል ገበያ ቆሮሶውንና አምባዛውን ሲያራግፉ ሐይቁ እንደ መስተዋት የረጋ ነው፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ረጃጅም እግራቸውን እየዘረጉ የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ሲነሣ ግን ጉማሬ ለማየት ጀልባ የሚከራይ እንግዳ ቢመጣ «ጠዋት ብትመጣ ይሻልህ ነበር» ይሉታል። ሆኖም በአዳማና በሐዋሳ መካከል ያለውን ልዩነት ሁሉ ለሐይቁ መስጠት ስሕተት ነው። ሐዋሳ ለደቡቡ ደጋ የቀረበች ናት፤ ዝናቡ የሚመጣላት ከዚያ በኩል ባሉት ተራሮች ምክንያት ጭምር ነው። ሐይቁ የሚያደርገው ያንን አየር ማለስለስ ነው።

ይህ ልስላሴ ሰው ይጠራል። ከከተማነቷ በፊት ቦታው አዳሬ ይባል ነበር፤ የሲዳማ አርብቶ አደሮች ከብት የሚያሰማሩበት ሜዳ ነበር፤ ስሙ ዛሬም በሆስፒታል ስም ሆኖ ይኖራል። ሐዋሳ የሚለው ቃል በሲዳምኛ ሰፊ ማለት ነው ይላሉ አዋቂዎች። ከተማዋ በ1952 ዓ.ም. አካባቢ በፕላን ተቆረቆረች፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከይርጋለም ወደዚህ ተዛወረ። መንገዶቿ ቀጥ ያሉና ሰፋፊ የሆኑት በዘፈቀደ ከበቀለ መንደር ሳይሆን ከወረቀት ላይ ስለተነሣች ነው። በ1976 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያው ሀገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነዋሪዋ 36 ሺህ ገደማ ነበር። በ1987 ዓ.ም. 69 ሺህ ሆነ። በ1999 ዓ.ም. 157,139 ተቆጠረ። ከሁለተኛው ቆጠራ እስከ ሦስተኛው ባሉት ከ13 በማይበልጡ ዓመታት ከእጥፍ በላይ አደገች ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዕድገት በወሊድ ብቻ አይመጣም፤ ሰው ከየቦታው እየመጣ ነበር። እኔም ከመጡት አንዷ ነኝ።

እዚህ ላይ ለማስተማርም ለመጻፍም ለሚፈልግ ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ በየጽሑፉ ስለሚደባለቅ በጣም ያሳስበኛል። ለ1999 ዓ.ም. ሐዋሳ ሁለት ቁጥሮች አሉ። 157,139 የከተማው ሕዝብ ነው፤ 258,808 ደግሞ በከተማው አስተዳደር ሥር ያሉትን የገጠር ቀበሌዎች የሚጨምር ነው። ልዩነቱ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ነው። አንዱ የከተማውን፣ ሌላው የአስተዳደሩን እየጠቀሰ ሁለቱም «የሐዋሳ ሕዝብ» ሲሉ፣ የውኃ ቧንቧ የሚዘረጋውም ትምህርት ቤት የሚሠራውም በየትኛው ሐዋሳ ልክ እንደሆነ ግልጽ አይሆንም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አለመደረጉ ነው። በ2010 ዓ.ም. ይደረጋል የተባለው አራተኛው ሀገር አቀፍ ቆጠራ ተላለፈ፣ እንደገናም ተላለፈ። በ1999 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን አድጎ ከእኔ ክፍል ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ እኛ ግን ዛሬም የምንናገረው ስለ እርሱ ልደት ዓመት ከተማ ነው። ከዚያ ወዲህ የምንሰማቸው ቁጥሮች ሁሉ ትንበያዎች ናቸው፤ ትንበያ ደግሞ ያለፈው አካሄድ ይቀጥላል ብሎ የሚነሣ ነው።

አካሄዱ ግን አልቀጠለም። የ1999ኙ ቆጠራ በአስተዳደሩ ውስጥ 133,123 ወንዶችና 125,685 ሴቶች መዝግቧል፤ ወንዱ በሰባት ሺህ ይበልጣል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ግን ከሲዳማ ወረዳዎችና ከአጎራባች ዞኖች በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ለልብስ ስፌት ሥራ በብዙ ሺህ እየሆኑ መጡ። በአንድ ጠባብ ክፍል አራትና አምስት ሆነው የሚከራዩ ልጆች ባሉበት ሰፈር የ1999ኙን የጾታ ስብጥር ይዞ መሄድ የሌላ ከተማ ካርታ ይዞ እንደ መሄድ ነው። አሜሪካ በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ለአፍሪካ አገሮች ከምትሰጠው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ስታስወጣት ደግሞ አንዳንዶቹ ልጆች ሥራቸውን አጡ፤ የተመለሱም አሉ፣ ሌላ ሥራ ፈልገው እዚሁ የቀሩም አሉ። የሲዳማ ሕዝብ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ድምፅ ሰጥቶ በዚያው ዓመት ክልል ሲመሠረት ደግሞ ሐዋሳ የአዲስ ክልል መዲና ሆነች፤ ቢሮው፣ ሠራተኛው፣ ባለጉዳዩ ጨመረ። ዩኒቨርሲቲው አለ፤ ተማሪው የትኛው ከተማ ነዋሪ ተብሎ እንደሚቆጠር ለብቻው ጥያቄ ነው። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጨምበላላ ዕለት፣ ጉዱማሌ ላይ የሚሰበሰበውን ሕዝብ ያየ ሰው፣ የዚህች ከተማ የቀን ሕዝብና የሌሊት ሕዝብ አንድ አለመሆኑን ያውቃል።

አሁን ወደ ሐይቁ ልመለስ፤ ምክንያቱም ስለ ሕዝብ የጻፍኩትና ስለ አየር የጻፍኩት የሚገናኙት እዚያ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋትና በጥልቁ ቦታ ከ20 ሜትር ጥቂት የሚያልፍ ጥልቀት ያለው፣ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ትንሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከላዩ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ጣና ዓባይን ይልካል፤ ሐዋሳ ግን የሚልከው የለም። ወደ እርሱ የሚገባው ዋና ወንዝ ጥቁር ውኃ ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ ወደ ከተማዋ ሲገባ ድልድዩን ይሻገረዋል። ከሐይቁ ገጽ በዓመት የሚተንነው ውኃ በላዩ ከሚዘንበው ይበልጣል፤ ጉድለቱን የሚሞላው ከተራሮቹ የሚወርደው ነው። መውጫ የሌለው ውኃ በተለምዶ እንደ ሻላና እንደ አብያታ ጨዋማ ይሆናል። ሐዋሳ ግን ዓሣ የሚረባበት፣ ለጋ የሚባል ውኃ ሆኖ ቆይቷል፤ ባለሙያዎች ይህን የሚያስረዱት ውኃው በከርሰ ምድር በኩል በዝግታ እየሰረገ ይወጣል በማለት ነው። በዝግታ የሚለውን ቃል ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። ወንዝ ያለው ከተማ ቆሻሻውን ለታችኛው ከተማ ይልካል፤ ይህ ደግ ሥራ አይደለም፣ ግን ከዓይኑ ይርቅለታል። እኛ ግን ታችኛው ከተማ የለንም። በዚህ ተፋሰስ ውስጥ የሚታጠብ ልብስ፣ የሚታረስ ተዳፋት፣ የሚቆፈር መጸዳጃ ሁሉ መጨረሻው አንድ ቦታ ነው።

ከከተማዋ በስተምሥራቅ ያለው ጨለለቃ ይህን በደንብ ያሳያል። በአሮጌ ካርታዎች ላይ ጨለለቃ ሐይቅ ነው፤ ዛሬ ሄዶ የሚያየው ሰው የሚያገኘው ረግረግና ከብት የሚሰማራበት ሣር ነው። ከላይ ያሉት ኮረብቶች ደናቸው ሲመነጠርና ሲታረሱ አፈሩ በጎርፍ ወርዶ ሞላው። ጨለለቃ ሐይቅ በነበረበት ዘመን ደለሉን አጥልሎ የጠራውን ውኃ በጥቁር ውኃ በኩል ወደ ሐዋሳ ይሰድ ነበር፤ ሲሞላ ግን ጎርፉ ብዙ ሳያርፍ፣ ደለሉንም ይዞ ያልፋል። ሐይቁ ለምን ከፍ አለ ለሚለው ጥያቄ አጥኚዎች የሚሰጡት መልስ ልዩ ልዩ ነው። የደን መመንጠር ጎርፉን ስላበዛው ነው የሚሉ አሉ፤ የዝናቡን መዋዠቅ፣ በተለይ የኤል ኒኞ ዓመታትን የሚያነሡ አሉ፤ የጨለለቃን መሞላት የሚጠቅሱም አሉ። እኔ የሚመስለኝ ሦስቱም አንድ ላይ እንደሠሩ ነው። ተዳፋቱን ያረሰውም ሰው፣ ዳርቻው ላይ ቤት የሠራውም ሰው ነውና፣ የሕዝቡ ቁጥር በሁለቱም ጫፍ አለ።

የ1990ዎቹን መጀመሪያ አልረሳውም። ዝናቡ ከልማዱ ውጭ በዛ፤ ሐይቁም ወሰኑን አለፈ። አንድ ጠዋት ከክፍሌ ስወጣ የእማማ የጓሮ እንሰት እግሩ ውኃ ውስጥ ቆሟል። በሳምንቱ ከዋናው ቤት ተነጥሎ የተሠራው ማድ ቤት ግድግዳው ራሰ፣ ጭቃው ተገምሶ ወደቀ። ጎረቤቶች ዕቃቸውን በራሳቸው ተሸክመው ከፍ ወዳለው ወደ ታቦር ተራራ አቅጣጫ ሄዱ። እማማ ግን አልሄዱም። ውኃው ደጃፋቸው አጠገብ ደርሶ ቆመ። ከዚያ በኋላ ነው በዳርቻው የአፈርና የድንጋይ ክትር የተሠራው፤ ዛሬ ወጣቶች ማታ ማታ የሚንሸራሸሩበት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ፎቶግራፍ የሚነሡበት ከፍ ያለ መንገድ ያ ክትር ነው። ስንቶቹ ለምን እንደተሠራ እንደሚያውቁ አላውቅም፤ ለተማሪዎቼ ግን በየዓመቱ እዚያው ወስጄ እነግራቸዋለሁ። በዚያ መስከረም እማማ እርምጃ አልቆጠሩም። «ምን እቆጥራለሁ ልጄ፣ እርሱ መጥቶ ቆጠረኝ እንጂ» አሉኝ።

በግንቦት 1999 ዓ.ም. የቆጠራ ሠራተኛው ወደ ግቢው ሲመጣ እኔ አግብቼ ወደ ሌላ ሰፈር ሄጄ ነበር፤ ለጥየቃ መጥቼ ግን በአጋጣሚ ደረስኩ። ወጣቱ ልጅ ቅጹን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ «እማማ፣ በዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?» ብሎ ጠየቀ። እማማ፣ ልጃቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸው፣ ከዚያም ተከራዮቹ፦ አንድ ነርስ፣ አንድ ሹፌር ከነሚስቱ። ሰባት ሰው። እኔ በተከራየሁበት ዘመን ሦስት ነበርን።

እማማ ካረፉ ቆዩ። ግቢው አሁን የልጃቸው ነው፤ እኅቴ ብዬ ነው የምጠራት፣ በበዓልም እንጠያየቃለን። በጓሮው እንሰት በነበረበት ቦታ ላይ በረድፍ የተሠሩ የብሎኬት ክፍሎች አሉ፤ አብዛኞቹ ተከራዮች የፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች ናቸው። በፈረቃ ስለሚሠሩ ግማሾቹ ሲተኙ ግማሾቹ ይወጣሉ፤ ስለዚህ ግቢው ዝም የሚልበት ሰዓት የለም። ስለ ሙቀቱ ያማርራሉ፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ዝቅ ያለ ነው፣ ከሐይቁ የሚመጣውንም ነፋስ ፊት ለፊት የተሠራው ፎቅ ይከልለዋል። ከውኃው አጠገብ ሆኖ በሙቀት መቸገር በእኔ ጊዜ የማይታሰብ ነበር፤ የአንድ ከተማ አየር ንብረት በመቶ ሜትር ውስጥ እንዲህ ሊለያይ እንደሚችል ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ያስተማረኝ ያ ጓሮ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ወባ አለ፤ በመስከረምና በጥቅምት ቢያንስ አንዷ ሳትታመም አታልፍም።

ባለፈው መስከረም ለእንቁጣጣሽ ስሄድ የእማማን ልማድ አሰብኩና ከደጃፉ ተነሥቼ ቆጠርኩ፤ ክትሩ ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የድንጋይ ቁልቁለትና ውኃው ነው። ስመለስ በግቢው ስንት ሰው እንደሚያድር እኅቴን ጠየቅኋት። ጣቶቿን እያጠፈች ቆጠረችና «ሃያ ሦስት» አለችኝ፤ ከዚያም «ቆይ፣ ትናንት አንዷ እኅቷን አምጥታለች፣ ሃያ አራት» ብላ አረመች። ለሃያ አራቱ ሰው ያለው መጸዳጃ አንድ ነው፤ እማማ በዘመናቸው ያስቆፈሩት ጉድጓድ ነው፤ በየክረምቱ ከታች ውኃ እየገባበት ይሞላል፣ የመምጠጫ መኪና ለማስመጣትም ገንዘብ በየክፍሉ ይዋጣል። ከጉድጓዱ ተነሥቼ እንደገና ወደ ክትሩ ቆጠርኩ። ሃምሳ ሁለት እርምጃ ነው።